ማራገቢያ የሌለበት ቤት

ከድሬዳዋ ተነሥተን አዲስ አበባ እኅቴ ቤት ባደርንበት የመጀመሪያ ሌሊት፣ ያኔ አራት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት ልጄ እስኪነጋ ድረስ ዓይኑን አልከደነም። በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያውን ትኩር ብሎ ያያል፤ ከዚያ ይነሣና በጨለማው ክፍል ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ተመልሶ ይጋደምና እንደገና ጣሪያውን ያያል። ርቦት ነው ብለን ወተት አሞቅንለት፣ በርዶት ነው ብለን ብርድ ልብስ ደረብንለት፤ እኅቴም ምናልባት ሆዱን ይሆናል ብላ ጤና አዳም አሸተተችው። ነገሩ የገባን በሦስተኛው ሌሊት ነው። ልጄ እጁን ወደ ጣሪያው ዘርግቶ ጣቱን በአየር ላይ ክብ እያደረገ ሲያዞር ባለቤቴ አየውና «ቬንቲሌተሩን እኮ ነው የሚፈልገው!» አለ።

የድሬ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ሞቃት ከተማ ናት፤ ሳቢያን ባለው ቤታችን የጣሪያው ማራገቢያ መብራት ካልጠፋ በቀር ሌሊቱን ሙሉ ሲዞር ያድራል። ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ከዚያ ድምፅና ከዚያ ጥላ ውጭ ተኝቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ደጋ ስለሆነች ጣሪያው ባዶ፣ ሌሊቱም ጭር ያለ ነው። እኔ ያንን ጸጥታ ዕረፍት ብዬው ነበር፤ ለእሱ ግን እንቅልፍ የሚባለው ነገር ራሱ ከቤቱ ጠፍቶ ነበር።

በዚያው ጉዞ ሐኪም ዘንድ አቅርበነው ኦቲዝም እንዳለበት ተነገረን። ዛሬ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የሚናገራቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ የሚረዳው ግን ሰው ከሚገምተው እጅግ ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ ሐረርም፣ ቁልቢም፣ አዲስ አበባም አብረን ተመላልሰናል። ይህን የምጽፈው ተመሳሳይ ልጅ ይዛችሁ ለሠርግ፣ ለለቅሶ ወይም ለሕክምና መንገድ ለምትነሡ ወላጆች ነው። ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች እርስ በርሳቸው ስለማይመሳሰሉ ለእኛ የሠራው ሁሉ ለእናንተ ላይሠራ ይችላል፤ ሆኖም ከስሕተታችን የምታተርፉት ነገር አይጠፋም ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያው ጉዟችን ከስሕተት በቀር ምንም አልነበረበትም። ለልጁ አንዲት ቃል ሳንነግረው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከአልጋው አንሥተን፣ በጨለማ ባጃጅ ውስጥ አስገብተን አውቶቡስ ተራ ወሰድነው። ደንገጎን ስንወጣ በጠመዝማዛው መንገድና በከፍታው ጆሮው ሳይደፈንበት አልቀረም፤ ሁለት እጆቹን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይወዛወዝ ጀመር። ኬላ ላይ ሁሉም ሰው ለፍተሻ ውረዱ ተባለ፤ ወረድን። ተመልሰን ስንሳፈር ወንበራችን ላይ ሌላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ቁርስ ለመብላት ቆምን፤ ሽታውና ጫጫታው በዛበት። እዚያ ድረስ አላለቀሰም፤ እኔም «ጎበዝ ልጅ፣ ቻለው» እያልኩ ነበር። ጭሮን አልፈን፣ መንገዱ ተስተካክሎ፣ ሰውም ማንቀላፋት ከጀመረ በኋላ ግን ረዳቱ መጋረጃ ሲዘጋ ልጄ ጮኸ። ራሱን ከመስኮቱ ጋር ያጋጭ፣ እጁን ይነክስ ጀመር፤ ከአንድ ሰዓት በላይም ቆየ። ረዳቱ «እናት፣ ልጅሽን ያዢልን እንጂ፤ ሰው ተረበሸ እኮ» አለኝ። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት በእውነተኛ ርኅራኄ «ልጄ፣ ጠበል አስጠምቂው፤ ይህ የዓይን ነው» አሉኝ። አንድ ሰው ደግሞ ጥፋቱ እኔ ልጁን ማቅበጤ እንደሆነ ለጎረቤቱ ሲያስረዳ ሰማሁት። መጋረጃ በመዘጋቱ ብቻ ይህን ሁሉ የሚሆን ልጅ በእርግጥ ባለጌ ይመስላል።

በኋላ ቤታችን ውስጥ ለዚህ ነገር ስም አወጣንለት፤ «ደቻቱ መጣ» እንላለን። የድሬ ሰው ደቻቱን፣ ከተማችንን የሚያቋርጠውን ወንዝ፣ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚሻገረው ደረቅ አሸዋ ነው፤ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ከላይ ደጋው ላይ በዘነበው ዝናብ በድንገት ሞልቶ ይመጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት መጥቶ ያደረሰውን ጥፋት የሚረሳ የለም። የልጄም መናወጥ እንዲሁ ነው። ዝናቡ የዘነበው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ ደንገጎ ላይ፣ ኬላው ላይ፣ ቁርስ ቤቱ ውስጥ ነው፤ መጋረጃው ውኃው የታየበት ቦታ ብቻ ነው። ይህን ከተረዳሁ ወዲህ «ምን ሆኖ ነው አሁን የጮኸው?» ብዬ አልጠይቅም። ከሦስት ሰዓት በፊት ምን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ይገኛል።

ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ኦቲዝምን ሲያስተዋውቅ፣ ልጆቹ ነገሮች ሁሉ እንደነበሩ እንዲቆዩ ያላቸውን ብርቱ ፍላጎት አጉልቶ መዝግቦ ነበር። ለድምፅ፣ ለብርሃን፣ ለሽታና ለንክኪ ያላቸው ከልክ ያለፈ ወይም ያነሰ ስሜትም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች ከሚጠቀሙባቸው መለያዎች አንዱ ሆኗል። ጉዞ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን የሚፈትን ነገር ነው፤ የለመደው ሁሉ ይወሰድበታል፣ ያልለመደው ሁሉ በጆሮውና በቆዳው ይመጣበታል። ስለዚህ ሁለተኛው ጉዞ፣ ማለትም ልጄ ሰባት ዓመቱ ሳለ ለእኅቴ ሠርግ የሄድነው፣ የተጀመረው ከመነሻው ቀን ሁለት ወር አስቀድሞ ነበር።

ልምምዳችንን በሐረር ጀመርን። ሐረር ለእኛ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያለፈ መንገድ ናት፤ አክስቴ ከጀጎል ግንብ ውጭ ስለምትኖር ማረፊያም አለን። የመጀመሪያ ቀን ደንገጎ ድረስ ብቻ ወጥተን፣ የታሸገ ውኃ ጠጥተን ተመለስን። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ጆሮው እንዳይደፈን ማስቲካ ያኝካል፤ ማስቲካውን ደግሞ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ለምዶት ነበር። በሁለተኛው ጊዜ አወዳይን አልፈን ሐረር ደርሰን፣ አክስቴ ቤት ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን ተመለስን። በሦስተኛው አደርን። ሰው «ለግማሽ ሰዓት ብለሽ ይህን ሁሉ መንገድ?» ብሎ ስቆብኛል። ይሁን እንጂ ልጁ ገና ደስ እያለው መመለስ፣ ችሎ ችሎ ከተናወጠ በኋላ ከመመለስ ጋር አንድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ቀን ሚኒባስ ሲያይ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነው።

ከሁሉ ያስቸገረን ሹራብ ነበር ብል የሚያምነኝ ጥቂት ሰው ነው። የድሬ ልጅ ዓመቱን ሙሉ በስስ ካናቴራና በነጠላ ጫማ ያድጋል፤ ልጄ ደግሞ ካልሲ ጣቱ ላይ ያለው ስፌት ብቻ ያስለቅሰዋል። በመጀመሪያው ጉዞ አዲስ አበባ ስንደርስ ሹራብ፣ ካልሲና የተዘጋ ጫማ በአንድ ጊዜ አልብሰነው ነበር። አሁን ግን ሹራቡን ሁለት ወር ቀድሜ ገዛሁና የአዲስ ጨርቅ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ አጠብኩት፤ አንገቱ ላይ ያለውን የጨርቅ ምልክት በጥንቃቄ ፈታሁ፤ ከዚያም ምንም ሳልል አልጋው ላይ፣ ከትራሱ አጠገብ አኖርኩት። ለአንድ ሳምንት አልነካውም። በሁለተኛው ሳምንት እጅጌውን በጣቶቹ መሐል ሲያሽ አገኘሁት። በጥር ማለዳ፣ ድሬም ለጥቂት ሰዓት ቀዝቀዝ በምትልበት ጊዜ፣ ከሥሩ የጥጥ ካናቴራ ገልብጬ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጌ አለበስኩትና ሹራቡን ደረብኩለት። አሥር ድረስ ቆጠርኩና አወለቅኩ። በነጋታው ሃያ ድረስ። ካልሲውንም እንዲሁ ገልብጬ ነው የማለብሰው፤ እስካሁንም ገልብጦ ይለብሳል፤ ጫማ ውስጥ ማን ያያል?

ስለ ጉዞው ለመንገር ቃል ብቻ አይበቃውም ነበርና ሥዕል ያስፈልገናል ተባልን። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሥዕል አልፈለግሁም። ባለቤቴ በስልኩ የቤታችንን በር፣ የእኛን ባጃጅ፣ የጣቢያውን በር፣ ባቡሩን፣ ወንበሩን፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የእኅቴን ግቢና የሚተኛበትን አልጋ፣ እኅቴ የላከችውንም ጨምሮ ሰብስቦ ከዚራ ካለ ፎቶ ቤት አሳተመና በላስቲክ አስለበጣቸው። ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ረጅም ካርቶን ላይ ለጠፍናቸው፤ አንዱ ሲያልቅ ልጁ ራሱ ይነቅለውና «አለቀ» የተባለ ፖስታ ውስጥ ይከተዋል። አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፦ ልጄ አሮጌውን የምድር ባቡር ጣቢያ አጥሩ ሥር ቆመን ስለምናየው «ባቡር» ማለት ለእሱ ያ ሕንፃ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን የሚነሣው ከከተማው ወጣ ካለ ሌላ ጣቢያ ነው። ባለቤቴ ሄዶ አዲሱን ጣቢያ ፎቶ ባያነሣ ኖሮ፣ ባጃጁ በአሮጌው ጣቢያ በኩል ሳይታጠፍ ሲቀር ጉዞው እዚያው ይበላሽ ነበር።

ካርቶኑን ሠርተን ልጁን አጠገባችን አስቀምጠን፣ ጣታችንን እያስኬድን ከቤታችን በር እስከ አልጋው ድረስ አሳየነው። ተመለከተ፤ ዝም አለ። ማታ ላይ ግን የቤታችንን በር ፎቶ፣ የመጀመሪያዋን፣ ነቅሎ ትራሱ ሥር ደብቆ አገኘሁት። መልሼ ለጠፍኳት፤ በነጋታው እንደገና ደበቃት። ሦስት ቀን ከተጋፋን በኋላ ነው ያፈርኩት። ያሳየነው መንገድ የሚያልቀው አዲስ አበባ ባለ ባዶ ጣሪያ ሥር ነበር። መሄዱን ነግረነው መመለሱን አልነገርነውም። ለካ ልጄ ከቤት እየወጣን መቼም የማንመለስ መስሎት በሩን ሊያድን ኖሯል! ካርቶኑን አስረዘምን፤ ከአልጋው በኋላ ሦስት የእንቅልፍ ሥዕሎች፣ እንደገና ባቡር፣ እንደገና ባጃጅ፣ በመጨረሻም ያቺው በር። በዚያ ማታ ፎቶዋን አልደበቀም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ፤ ለልጃችሁ ከመሄጃው በፊት መመለሻውን አሳዩት።

መቼ መንገር እንደሚገባ ሰው ይጠይቀኛል። እኛ በአንደኛው የሐረር ጉዞ ሳምንት ቀድመን ነግረነው ሳምንቱን ሙሉ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ቆሞ ከረመ። ለእሱ ሦስት ቀን ልክ ነው፤ ለሌላ ልጅ አሥር ቀን ወይም አንድ ማታ ሊሆን ይችላል።

የትኛውም መንገድ እንደ ካርቶኑ አይሄድምና ለማይታወቀው ነገር አንዲት ቢጫ ካርድ አዘጋጀን፤ ምንም ሥዕል የላትም። ትርጉሟ «የታሰበው ተቀይሯል» ማለት ነው። ይህችን ካርድ ለመጀመሪያ ጊዜ በክፉ ቀን ማውጣት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ልጁ ካርዷን ራሷን ይጠላታል። እኛ በመልካም ለውጥ ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስንመለስ ቢጫዋን አሳየውና ባጃጁን በሌላ መንገድ አስዞረን ሳምቡሳ እንገዛለን፤ ሌላ ቀን ደግሞ ቢጫዋን አሳይቼ ከመታጠብ በፊት በባልዲ ውኃ እንዲጫወት እተወዋለሁ። ቀስ እያልን መልካምም ክፉም ያልሆነ፣ በኋላም ትንሽ የሚያናድድ ለውጥ አስከተልን።

ፍተሻንም ቤት ውስጥ ነው የተለማመድነው። አባቱ «እጅ ወደ ላይ» ይላል፣ ልጁ እጁን ያነሣል፣ አባቱ ከትከሻው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በጠንካራ እጅ ይዳብሰዋል፤ ቀላል ንክኪ ልጄን ያስደነግጠዋል፤ ጠበቅ ያለው ግን ያረጋጋዋል። ጣቢያ ስንደርስ እኔ ቀድሜ ፈታሹን «ወንድሜ፣ ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ ከኋላው አትምጣበት፣ ፊት ለፊቱ ሆነህ እጅ ወደ ላይ በለው» አልኩት። ሰውየው «እሺ እናቴ» ብሎ በርከክ አለና እንዳልኩት አደረገ። ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቁ ሰዎች እየበዙ መምጣታቸውን በየጉዞው አያለሁ፤ እንደ ጆይ የኦቲዝም ማዕከል መሥራች እንደ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ያሉ እናቶች ስለ ልጆቻቸው በአደባባይ ባይናገሩ ኖሮ ያንን ፈታሽ ምን ብዬ አስረዳው እንደነበር አላውቅም።

ባቡሩን የመረጥነው ልጁ በመተላለፊያው መመላለስ ስለሚችልና መጸዳጃ ስላለው ነው። አውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ የሚፈጅ ቢሆንም ዋጋው ለአምስት ሰው አይቻለንም፤ ደግሞም መናወጥ ቢመጣ መነሣት በማይፈቀድበት ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ሸሚዙ ውስጥ፣ በደረቱ በኩል፣ ስልክ ቁጥራችንን የጻፍኩበትን ጨርቅ ሰፋሁ፤ ቤት ለቀን ስንወጣም የዚያን ቀን ልብሱን እንደለበሰ ፎቶ አነሣሁት። ልጃችሁ ሳያስታውቅ የሚሮጥ ከሆነ ይህን አትለፉት፤ በድንጋጤ ውስጥ ሆኖ «ምን ነበር የለበሰው?» የሚለውን ማስታወስ ይከብዳል። በዚሁ ምክንያት ታኅሣሥ 19 ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ይዘነው አንሄድም። ስለቴን እንዳጎደልኩ የነገሩኝ ዘመዶች አሉ። በአዘቦት ቀን ወስጄዋለሁ፤ ግቢው ጸጥ ብሎ፣ ልጄ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ድንጋይ ሲደረድር ዋለ፤ ለእኔ ስለቴ ደርሷል።

ለዘመድ አስቀድሞ መደወል ከሻንጣ መሸከፍ አያንስም። እኅቴን ለሠርገኛው ሁሉ ሁለት ነገር እንድታስረዳ ለመንኳት፦ ልጄን ማንም ደርሶ አቅፎ እንዳይስመው፣ ማንም ደግሞ እንዳያጎርሰው። ሁለተኛው ከባድ ነበር። የሙሽራው እናት ጉርሻ መከልከል ለእሳቸው ልጁን መከልከል ያህል ነውና «ታዲያ በምን ልውደደው?» አሉኝ። ከጎኑ ተቀምጠው ዝም ብለው ድንጋይ ቢደረድሩለት እንደሚወዳቸው ነገርኳቸው። አደረጉት፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሐበሻ ቀሚሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ድንጋይ ደረደሩ። እንጀራውን ግን ከቤት ይዘን ሄድን። የእኛ ማሽላ የተቀላቀለበት ስለሆነ የአዲስ አበባው የጤፍ እንጀራ ለልጄ እንጀራ አይደለም፤ ቀለሙም፣ ምላስ ላይ ያለው ስሜቱም ሌላ ነው።

ማራገቢያውስ? ትንሽ የጠረጴዛ ማራገቢያ ገዝተን በሻንጣ ይዘን ሄድን። ብርዱን ስለምንፈራ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙረን ሌሊቱን ሙሉ አስጮህነው። «ከድሬ ድረስ ብርድ ይዛችሁ መጣችሁ?» ተብለን ተሳቀብን፤ ልጄ ግን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ተኛ፤ እኔም ከእሱ ጋር። መብራት የጠፋ እንደሆነ ብለን ድምፁን በስልክ ቀድተን ነበር፤ በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፋና አገለገለን።

ሁሉ ነገር አማረ ማለቴ አይደለም። በመመለሻው ቀን ባቡሩ ዘገየ፤ ቢጫዋን ካርድ አወጣሁ፤ ልጄ አያትና መሬት ላይ ወረወራት። ደቻቱ መጣ። አባቱ ሻንጣዎቹን ከሕዝቡ ጋር መለያ አድርጎ ደረደረና ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ እኔ ከልጄ አንድ ክንድ ርቄ፣ ራሱን እንዳይጎዳ ነጠላዬን ከጭንቅላቱ ሥር አንጥፌ ዝም አልኩ። «አይዞህ» እንኳ አላልኩትም፤ በዚያ ሰዓት ቃል ሌላ ጩኸት ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆየ። ሲበርድለት ውኃ ሰጠሁት፤ ቢጫዋንም ራሱ አንሥቶ ፖስታው ውስጥ ከተታት።

ድሬዳዋ ስንደርስ መሽቶ ነበር። ከባጃጁ ወርዶ፣ የመጨረሻዋን ፎቶ በእጁ ይዞ ወደ ቤታችን ሮጠና በሩ ፊት ድርቅ ብሎ ቆመ። እኛ በሌለንበት ወንድሜ ሊያስደስተን ብሎ አረንጓዴውን በር ቡናማ ቀብቶት ኖሯል። ልጄ ፎቶዋን ወደ በሩ ከፍ አደረገ፤ አየ፤ ዝቅ አደረገ፤ እንደገና ከፍ አደረገ። እኔ ትንፋሼን ዋጥኩ። ባለቤቴ ቁልፉን አዙሮ በሩን በሰፊው ገፋውና ውስጠኛውን ገጽ አሳየው፤ እሱ አልተቀባም፤ አረንጓዴ ነው፤ ከመዝጊያው በታች ልጄ በሚስማር የጫረው መስመርም እንዳለ ነው። ጣቱን በመስመሩ ላይ ከላይ እስከ ታች አስኬደና ፎቶዋን «አለቀ» ያልነው ፖስታ ውስጥ ከተታት፤ ገብቶም ጫማውን ሳያወልቅ ከማራገቢያው ሥር ተጋደመ።